የጎንደር መጻሕፍት ሁሉ አልነደዱም

የጎንደርን መጻሕፍት የጨረሰው የደርቡሽ እሳት ነው የሚለው አባባል ከሳንጃ እስከ ጎንደር ሳይመረመር ይደገማል። ቃጠሎው እውነት ነው። ጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ድል ከተነሡ በኋላ የሱዳን ደርቡሾች አዛዥ የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል። ነገር ግን እሳቱ ሲደርስ ከመጻሕፍቱ እጅግ ብዙው ከተማዋን ከለቀቀ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር።

ያወጧቸው፣ ለመናገር ቢከብድም፣ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ኅዳር 1859 ጎንደርን አዘርፈው ሲያቃጥሉ፣ ከአፄ ፋሲል ጀምሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ ያስጻፉትን፣ እቴጌ ምንትዋብም ለቁስቋም ደብር የሰጡትን ብራና ከየደብሩ ሰበሰቡ። ሐሳባቸው መቅደላ ላይ በመድኃኔ ዓለም ስም ለሚሠሩት ደብር ማዋል ነበር። መጻሕፍቱ ደብረ ታቦርን አልፈው መቅደላ ገቡ። የሁለት መቶ ዓመት የጎንደር ሀብት በዚህ መንገድ አንድ አምባ ላይ ተከማቸ፤ ለዘራፊም ተመቸ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር አምባውን ያዘ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ አብሮ መጥቶ ነበር። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል መጻሕፍት ለሙዚየሙ ደረሱ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ጦሩ ያልወሰዳቸውን ብዙዎቹን መንገድ ላይ በትግራይ ለሚገኘው ለጨለቆት ሥላሴ ደብር ትቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ በብራናዎቹ በራሳቸው ላይ አለ። በብዙዎቹ ባዶ ገጾች የባለቤቱ ደብር ስም፣ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ ተጽፏል። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው የሙዚየሙ የግዕዝ ብራናዎች ዝርዝር ይህን ጽሑፍ መዝግቦታል። ባለቤቱ በስም የታወቀን ንብረት አመድ ሆኗል ማለት ወሳጁን ከተጠያቂነት ማውጣት ነው። ለጎንደር መጻሕፍት ግን የሚጠየቅ አለ። ጠይቆ ማስመለስም ይቻላል፤ አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. እንግሊዝን በደብዳቤ ጠይቀው ከመቅደላ የተወሰደ ክብረ ነገሥት ተመልሶላቸዋል።

የጎንደር አድባራት አስተዳዳሪዎች ከራይት ዝርዝር የየደብራቸውን ስም ለይተው፣ መጻሕፍቱ እንዲመለሱላቸው ብሪቲሽ ላይብረሪን በጽሑፍ ይጠይቁ።