የዘይት እጥረት ሰልፍ የለውም

ቤንዚን ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማደያው ደጃፍ ሰልፉ ይረዝማል፣ ታክሲው ይሳሳል፣ የጥቁር ገበያው ጄሪካን ብቅ ይላል። የሞተር ዘይት ሲጠፋ ግን ሰልፍ የለም። ከመደርደሪያው ላይ የተለመደው ዕቃ ይጎድላል፣ ባለሱቁ «የሱ ወንድም ነው» ብሎ ሌላ ያቀርባል፣ ባለመኪናውም ከፍሎ ይሄዳል። ዕዳው የሚቀርበው ከወራት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የዘይት እጥረት በባለመኪናው ላይ የሚያደርሰው ዋነኛ ጉዳት የዋጋ ንረት አይደለም። ዋናው ጉዳት በጠፋው ዘይት ቦታ የሚተካው ነገር ነው። ዋጋውን ፈርቶ ወደ ምትኩ የሚሮጥ ባለንብረት ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

እጥረቱ ከየት ይመጣል?

የሞተር ዘይት ከ75 እስከ 90 በመቶው «ቤዝ ኦይል» የሚባለው፣ በአብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው መሠረታዊ ዘይት ነው። የቀረው «አዲቲቭ» ይባላል፤ ዝቃጭን የሚያጥብ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚከላከል የኬሚካል ቅመም ነው። ይህን ቅመም ለዓለም ገበያ በዋናነት የሚያቀርቡት አራት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሉብሪዞል፣ ኢንፊኒየም፣ አፍተን እና ሼቭሮን ኦሮናይት።

አቅራቢው በጣት የሚቆጠር ሲሆን ምን እንደሚከተል በ2021 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በኮቪድ ሳቢያ ማጣሪያዎች ሥራቸውን ቀንሰው ነበር። በፌብሩዋሪ ቴክሳስን የመታው ብርድ የኬሚካል ፋብሪካዎችን አስቆመ። በጁን ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት ሮክተን የሚገኘው የሉብሪዞል ንብረት የሆነው የኬምቱል የቅባት ፋብሪካ በእሳት ወደመ። አምራቾች ዋጋ ደጋግመው ጨመሩ፣ ለደንበኞቻቸውም በኮታ ማደል ጀመሩ።

ለአዳዲስ ሞተሮች የሚያስፈልገው ቀጭኑ፣ «ግሩፕ 3» የሚባለው ቤዝ ኦይል በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች መካከል የኳታሩ ራስ ላፋን፣ ባህሬን፣ የአቡዳቢው ሩዋይስ እና ደቡብ ኮሪያ ይገኙበታል። የሦስቱ የባሕረ ሰላጤ ወደቦች መውጫ አንድ ነው፤ የሆርሙዝ ሰርጥ። ከኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የደረሰው ጥቃትም በርካታ ጭነቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው እንዲሄዱ አስገድዶ ነበር።

አገራችን ቤዝ ኦይል የሚያወጣ ማጣሪያ የላትም። ዘይቱ እዚሁ ቢቀላቀል እንኳ ጥሬው በዶላር ይገዛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ እጥረት ወደ እኛ የሚመጣው በሁለት በር ነው፤ ዕቃው እያለ ዶላሩ ሲጠፋ፣ ዶላሩ እያለ ዕቃው ሲጠፋ።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ለስሌት ያህል አንዲት የቤት መኪና 4 ሊትር ዘይት ትይዛለች፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩም ይቀየርላታል እንበል። ሊትሩ 1,000 ብር ቢሆን ወጪው 4,000 ብር ነው። ለኪሎ ሜትር 80 ሳንቲም ማለት ነው። ዋጋው በእጥፍ ቢያድግ 1 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ይህችው መኪና በአንድ ሊትር ቤንዚን 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድና ሊትሩ 120 ብር ቢሆን፣ ለቤንዚን ብቻ በኪሎ ሜትር 12 ብር ታወጣለች። የዘይቱ ጭማሪ ከቤንዚኑ ወጪ 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንባቢ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ያስላው፤ ድምዳሜው ብዙ አይለወጥም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሸሻል? ቤንዚን በየዕለቱ በጥቂቱ ይከፈላል። ዘይት ግን በአንድ ቀን ጠቅላላ ሂሳቡን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «ትንሽ ልታገሥ» ይባላል፤ 5,000 የነበረው 8,000፣ ከዚያም 10,000 ይሆናል። አቧራና የመኪና መጨናነቅ ባለበት ከተማ ይህ ትዕግሥት አደገኛ ነው። አዲቲቩ ያልቃል፣ ዘይቱ ወደ ጭቃ መሰል ዝቃጭ ይለወጣል፣ መተላለፊያው ይደፈናል። ብሮንዚናው ይበላል፣ ፋሻው ይለቃል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። 4,000 ብር ለማትረፍ የዘገየው ሰው ሞተር ሲያስወርድ የሚጠየቀውን መካኒኩን ይጠይቅ።

በሚኒባስና በጭነት መኪና ላይ ችግሩ ይብሳል። ትልልቁ መኪና በአንድ ጊዜ ከ20 ሊትር በላይ ይወስዳል። ሹፌሩ የሚያስበው የዕለት ገቢውን ነው፤ ሞተሩ ግን የባለንብረቱ ነው። ዘይት የሚቀየርበትን ቀን ለሹፌሩ ብቻ የተወ ባለንብረት ካፒታሉን ለሌላ ሰው ፍላጎት አሳልፎ ሰጥቷል።

ክፉ ዕቃ ደጉን ሲያባርር

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ገዢው ጥራቱን ለይቶ በማያይበት ገበያ ክፉው ዕቃ ደጉን ያስወጣዋል። ምሳሌው ያገለገሉ መኪናዎች ነበሩ። የሞተር ዘይት ግን ከመኪናውም ይብሳል፤ መኪናን ነድቶ መሞከር ይቻላል፣ ዘይትን በዓይንና በጣት መለየት አይቻልም። የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ በታወቀ ስም ጄሪካን ቢሞላ ገዢው በምን ያውቃል? ዕቃ በሞላበት ጊዜ አጭበርባሪው ቦታ የለውም። በእጥረት ጊዜ ግን መደርደሪያው ባዶ ስለሆነ ተፈላጊ ይሆናል። እውነተኛው አስመጪ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንዴ ሽያጩን፣ አንዴ ስሙን።

ዘይት እንደ ቲማቲም አይበሰብስም፤ ታሽጎ በደህና ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ መደበቅ ይፈትናል። ነገር ግን በእጥረት ወቅት መጋዘኑን የቆለፈ ነጋዴ ሜዳውን ለአጭበርባሪው ለቀቀ ማለት ነው። ሲከፍት የሚያገኘው ገበያ በማንም ጄሪካን የማያምን ገበያ ይሆናል።

መንግሥትም የዋጋ ጣሪያ ከመጣል ቢቆጠብ ይበጃል። ጣሪያ ትክክለኛውን ዘይት ከሱቅ ወደ ጓዳ ያስገባዋል፣ የውሸቱን ግን አይነካውም። የሚሻለው ናሙና ከችርቻሮ ሱቅ እየወሰዱ መመርመርና ውጤቱን በይፋ ማውጣት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ መታገዱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይፈልግም። በእጃችን ያለው የነዳጅ ሞተር ግን ሲሞት ተተኪው በቀላሉ አይገኝም፤ የተበላሸ ዘይት የሚያጠፋው የአገር ንብረት ነው።

ባለመኪናው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ይግዙ። የለመዱት ስም ቢጠፋ፣ በመኪናው መመሪያ የተጻፈውን ውፍረትና የኤ.ፒ.አይ. ደረጃ የያዘ የሌላ አምራች ዘይት ይበቃል። «ዜሮ ደብሊው 20» ለሚጠይቅ አዲስ ሞተር «20 ደብሊው 50» ማፍሰስ ግን ምትክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ከሚሰጥና አድራሻው ከሚታወቅ ሻጭ ይግዙ፤ ማሸጊያው ሲከፈትም በቦታው ይገኙ።

ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የዘይቱን ልክ ይዩ። ለአንድ ቅያሪ የሚሆን ዘይትና ፊልትሮ አስቀድሞ መያዝ ጥንቃቄ ነው፤ የአሥር ቅያሪ ማከማቸት ግን እጥረቱን ማባባስ ነው።

አራተኛ፣ ባዶውን ጄሪካን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ይብሱት። ያልተበሳው ጄሪካን ነገ ተሞልቶ፣ ታሽጎ፣ በሙሉ ዋጋ ለእርስዎው ሊሸጥ ይችላል።