«ንቅለ» የት ገባች?

የሐኪሞቹ ቃል «ንቅለ ተከላ» ነው፤ ለኩላሊትም፣ ለዓይን ብሌንም፣ ለፀጉርም። በነጋዴዎቹ ሰሌዳ ላይ ግን «ፀጉር ተከላ» ሆኗል፤ ባስ ሲልም «ፀጉር ማብቀል»። አንዲት ቃል መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ሙግቴ ስለዚያች ስለወደቀችው ነው። አንባቢ ሆይ፣ በቃላት የምጫወት እንዳይመስልህ፤ በጎደለችው ቃል ውስጥ የሰው ገንዘብና የሰው ቆዳ አለ።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ በበበቃ ሰፋፊ ማሳዎችም ሆነ በሸኮ ጫካ ጥግ ያለ ቡና ተካይ ይህን ቃል ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ችግኝ የሚተከለው ከሆነ ቦታ ተነቅሎ ነው። የተነቀለበት መደብም ባዶውን ይቀራል። ለዚህ ሰው «ሳይነቀል የሚተከል ችግኝ አለኝ» ብትለው ይስቅብሃል። ከተማ የተቀመጠው የተማረ ሰው ግን ይህንኑ ሲሉት አምኖ ይከፍላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘር የሚመጣው የወንዶች መመለጥ ግንባርንና አናትን ያራቁታል፤ የማጅራቱንና የጎኑን ፀጉር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ሐኪሙ ከዚያ ካልተነካው ሥሩን ከነከረጢቱ እያወጣ ወደ ፊት ያዛውራል። ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያሳየው ይህንን ነው፤ የተዛወረ ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። (የእኛው የጌሻ ቡናስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ወጥቶ፣ በታንጋኒካና በኮስታ ሪካ አልፎ፣ ፓናማ ደርሶ የዓለምን ቀማሽ ሲያስደንቅ ጠባዩን መች ጣለ?) ድንቅ ሥራ ነው፤ ከሕክምናው ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከዝምታው ጋር ነው። ከማጅራት የወጣው ሥር በቦታው ተመልሶ አይበቅልም። መደቡ የተወሰነ ነው። «የፈለግከውን ያህል እንተክላለን» የሚል ሰው መደቡን አራቁቶ፣ ከኋላ ብል የበላው ጋቢ የመሰለ ራስ አሸክሞ ይሸኝሃል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣትማ መመለጡ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ ግንባሩ ላይ ቢተከልለት ከጀርባው ያለው የራሱ ፀጉር መርገፉን ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ የተተከለው ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራል። አስተዋይ ሐኪም እንዲህ ያለውን ልጅ «ቆይ» ይለዋል፤ መርገፉን በመድኃኒት ለማዘግየት ይሞክራል። «ቆይ» የሚል ማስታወቂያ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ደግሞ የእኛ ፀጉር አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩም ከቆዳ በታች የታጠፈ ነው። ችግኝ የሚያወጣ ሰው ዋናውን ሥር ከቆረጠ ችግኙን እንደገደለው ያውቃል፤ ቀጥ ያለ ፀጉር ብቻ የለመደ እጅም መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ ሲሰድ የእኛን ሥር መሐሉ ላይ ይቆርጠዋል። ጠባሳው የሚያብጥ ቆዳም በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ይበዛል። ከቦሌ ተነሥቶ ኢስታንቡል የሚወርደው ወገናችን እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠይቋል? ቢላዋውን የሚይዘው ሐኪሙ ራሱ ይሁን ወይስ ስሙ የማይታወቅ ረዳት፣ ይህንንስ? የዘርፉ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች ስለሚሠራው ቀዶ ሕክምና ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከተከላው በኋላ ያለውም አይነገርም። ቡና ተዛውሮ ሲተከል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ተካዩ አይደነግጥም። የተተከለው ፀጉርም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ይረግፋል። ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ መልኩን የሚይዘው ዓመት ሲሞላው፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው በሁለተኛው ወር መስተዋት ፊት ቆሞ ተታለልኩ ብሎ ያለቅሳል።

ሹሩባ ሲጎትተው የኖረ የሴት ግንባር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጎተቱ ካልቆመ ተከላው ከንቱ ድካም ነው። በልጅነቱ ቆረቆር የያዘው ራስም እንዲሁ፤ በጊዜው ቢታከም በኪኒን የሚድን ፈንገስ ጠባሳ ጥሎ ካለፈ፣ ጠባሳ ላይ መትከል ድንጋያማ መሬት ላይ እንደመትከል ነው።

ለነገሩ ቋንቋችን «ራሰ በራ» የሚል የሚያበራ ቃል ነበረው። እኛ ግን «መላጣ» የሚለውን መርጠን በየሠርጉና በየቡናው ሥነ ሥርዓት ጓደኞቻችንን ስንሸነቁጥ ኖርን፤ ነጋዴው የሚለቅመው እኛ የዘራነውን ኀፍረት ነው።

እናንተ ባለ ሰሌዳዎች፣ ንግዱ፤ ንግድ ነውር አይደለም። ግን «ንቅለ» የምትለዋን ቃል መልሷት፤ «በፊት» እና «በኋላ» ብላችሁ ከምትሰቅሏቸው የግንባር ፎቶግራፎች ጎንም የማጅራቱን ፎቶግራፍ ስቀሉልን።