መደርደሪያው ወይስ ጉባኤው? የሐይቅና የአምባሰል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሠሩት ስለሚገባ ተግባር

በአነስተኛ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ በንግግሮች የሚወሱት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ የሕንፃው ስፋት፣ የወንበሩ ብዛት፣ በልገሳ የተገኙት መጻሕፍት ቁጥር። ከምረቃው ማግስት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያነብ፣ ለማን እንደሚነበብ፣ ምን ውይይት እንደሚካሄድ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚሁ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይነሣል። በጸሐፊው እምነት፣ የአነስተኛ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ዋጋ የሚለካው ለማኅበረሰቡ በሚያዘጋጀው መርሐ ግብር ነው። ይህም በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ማስረጃውም የአካባቢው የራሱ ታሪክ ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በዚያ ሲቀመጡ ገዳሙ የትምህርት ማዕከል ሆነ። እርሳቸው ራሳቸው ጸሐፊ ነበሩ። ለገዳሙ የሰጡት በ1273 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1280/81) ገደማ የተጻፈው ወንጌል ዘመናቸው በግልጽ ከታወቀ ጥንታውያን የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። ነገር ግን ሐይቅን ሐይቅ ያሰኙት የተቀመጡት ብራናዎች ብቻ አልነበሩም። በዙሪያቸው ጉባኤ ነበረ፤ ይነበቡ፣ ይተረጎሙ፣ ይገለበጡ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ከዚያ ተምረው ወደ ሌላው አገር ሄዱ። የገዳሙ አበምኔት የሚጠሩበት የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግ በቤተ መንግሥት የነበረው ክብርም ከዚህ የትምህርት ዝና ጋር የተያያዘ ነበር። መጽሐፉ ያፈራው ሰው ስላነበበው ነው።

ሌላው የወሎ የዕውቀት ምንጭም ይህንኑ ይመሰክራል። በወሎ መስጊዶችና መካናት ደረሳው በሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታብ ይቀራል፤ ሸኹም መስመር በመስመር ይተረጉማል። መንዙማው በዐረብኛና በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ተጽፎ፣ በሐድራው በድምፅ ተዜሞ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ደርሷል። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ያደረጉት ጥናት እነዚህ የትምህርት ማዕከላት በአካባቢው ማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ የነበራቸውን ሥር የሰደደ ሚና አሳይቷል። በሁለቱም ወገን ንባብ ድምፅ ያለው፣ በጋራ የሚፈጸም ሥራ ነበር። አንዱ ያነባል፣ ብዙዎች ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ተቋማት ሁሉን ለማገልገል አልተቋቋሙም፤ ሊወቀሱበትም አይገባም። ገዳሙ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። በሐይቅ ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት የከተማዋን ስም በዓለም የመጻሕፍት ታሪክ ያስጠራውን ወንጌል በስፍራው ሄዳ ልታየው አትችልም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስፈላጊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2022 እ.ኤ.አ. ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አገልግሎቱ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋና ማኅበራዊ ደረጃ ሳይለይ ለሁሉ በእኩልነት እንዲሰጥ ይጠይቃል። በወሎ ምድር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት ከተማ፣ ይህ ቃል ባዕድ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚኖርበትን ልማድ ወደ ንባብ ክፍል ማስገባት ብቻ ይጠይቃል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ አምባሰል ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል የተጠራው በውጫሌ ስም ነው፤ ውጫሌም የዛሬው የአምባሰል ወረዳ ማዕከል ናት። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። በኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱ ወደ ግዴታ ተለወጠ። ከዚህ ልዩነት የተነሣው ክርክር፣ የጦርነቱ ብቸኛ ምክንያት ነበር ባይባልም፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ድረስ ዘለቀ። በአንድ ግስ አተረጓጐም የአንድ አገር ነጻነት አደጋ ላይ ወደቀ። ሰነድን አስተውሎ ማንበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማስተማር ከውጫሌ የተሻለ ከተማ አይገኝም።

ይህ ትምህርት ዛሬም ባለቤት ይፈልጋል። ደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ከሚሄዱባቸው የክልሉ አካባቢዎች አንዱ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ቢሻሻልም፣ ለሥራ ውል መሠረታዊ መመዘኛዎችን አስቀምጧል። ሕጉ በወረቀት መኖሩ ግን አንዲት የአምባሰል ልጅ ውሏን ከመፈረሟ በፊት አንብባዋለች ማለት አይደለም። ደመወዙ ስንት ነው? የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? ፓስፖርቷ በማን እጅ ይቀመጣል? ብትታመም ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣላት፣ ሰነዱን ቃል በቃል አብሯት የሚያነብ፣ ከእርሷም ገንዘብ የማይፈልግ ወገን በከተማዋ ውስጥ ማን አለ? ደላላው አይደለም፤ ወላጆቿም ብዙ ጊዜ አይችሉም። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ይችላል። ከዚህ የሚበልጥ የንባብ መርሐ ግብር ለጸሐፊው አይታየውም።

ንባብን ያለ ቀጣይ መርሐ ግብር ማስፋፋት ምን እንደሚያስከትል ከቅርብ ታሪካችን እናውቃለን። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። አዲስ አንባቢዎች የተማሩትን እንዳይረሱ የንባብ ቤቶች በገጠርና በከተማ ተከፍተው ነበር። የዘመቻው መንፈስ ሲቀዘቅዝ ግን ፊደል የቆጠረው ብዙ ሰው የሚያነበው ነገርና የሚያነብበት ምክንያት አጥቶ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ፊደል የተማረ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ የማዳበሪያ ብድር ውሉን፣ የልጁን የትምህርት ውጤት የሚያነብበት አጋጣሚ በየሳምንቱ ቢያገኝ ኖሮ ንባቡ አብሮት ይቆይ ነበር።

ዛሬ በአነስተኛ ከተሞቻችን የተለመደው የቤተ መጻሕፍት ገጽታ ሌላ ነው። ቤቱ የፈተና መዘጋጃ አዳራሽ ሆኗል፤ ተማሪው የራሱን ደብተር ይዞ ይገባል፣ ወንበርና ብርሃን ይጠቀማል፣ ይወጣል። የተማሪውን ጭንቀት ማቃለል ተገቢ አይሆንም። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሐይቅና የውጫሌ ተማሪዎች ደግሞ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ከተሞቻቸው ዘልቆ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ናቸው። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች የሚያመለክቱት ችግር በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ አይደለም። ገና በልጅነት መጽሐፍ ተነብቦለት ያላደገ ልጅ በጉርምስናው ጸጥ ያለ ወንበር ቢያገኝ የጎደለውን ሁሉ አይሞላለትም።

በዚህ ረገድ አርአያ የሚሆን ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በኋላም በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች መንደር አድርሰዋል። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ደግሞ በአነስተኛ ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን በመጻሕፍትና በሥልጠና ሲደግፍ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በግዝፈቱ ያኮራል፤ የሐይቅ ከተማ ግን ከግዝፈቱ ይልቅ ከጋሪው የምትማረው ይበዛል። ጋሪው ወደ አንባቢው ሄዷልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጸሐፊው አራት መርሐ ግብሮችን ያቀርባል። አንደኛው በገበያ ቀን የሚካሄድ ሰነድ አብሮ የማንበብ አገልግሎት ነው፤ የሥራ ውል፣ የብድር ውል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የመድኃኒት መመሪያ ያለው ሁሉ ይዞት ይመጣል። ሁለተኛው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሕፃናት በድምፅ የማንበብ ጊዜ ነው። ሦስተኛው የአረጋውያን ጉባኤ ነው፤ ስለ አምባሰል ቅኝት፣ ስለ ግሸን መንገድ፣ ስለ ቦታ ስሞች፣ ስለ 1966 እና 1977 ዓ.ም. የረኃብ ዘመናት የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ወጣቶችም ድምፃቸውን ቀርጸው በጽሑፍ ያኖሩታል። አራተኛው የአካባቢው የብራና ቅርስ በምስል የሚታይበት ዐውደ ርእይ ነው። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከተነሡት መጻሕፍት አንዱ ነው። ከገዳሙ ጋር በመመካከርና በፈቃዱ ምስሉ በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ቢታይ የሐይቅ ሴቶችም የከተማቸውን ቅርስ በዓይናቸው ያያሉ። የሙስሊም ሊቃውንት የጽሑፍ ቅርስም እንዲሁ በባለቤቶቹ ፈቃድ ከጎኑ ሊቆም ይገባዋል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። የመጀመሪያው ጸጥታን የሚመለከት ነው፤ ተማሪው እያጠና ሕፃናት ሊዘምሩ አይችሉም ይባላል። ይህ በሰዓት ድልድል የሚፈታ ነው። ሁለተኛው የበጀት ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከተዘረዘሩት መርሐ ግብሮች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ክፍል፣ ጥቂት ወንበር፣ የቡና ወጪና የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ ሰዎች በተሰበሰቡበት የሃይማኖትና የፖለቲካ ክርክር ይነሣል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። በተለይም ሰነድ የማንበቡ አገልግሎት ከባድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሰው ምስጢር በአደባባይ ሊነበብ አይገባም፣ አንባቢውም የሕግ ምክር ከመስጠት ተቆጥቦ ባለጉዳዩን ወደሚመለከተው አካል መምራት አለበት። ስለዚህ የጽሑፍ መመሪያና ሁለቱንም ሃይማኖት፣ ሴቶችንና ወጣቶችን ያካተተ የበላይ ጠባቂ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ችግር ይመጣል ብሎ ቤቱን ጸጥ ማሰኘት ግን ሰዉ ያው ክርክሩን ያለ መጽሐፍ እንዲቀጥል ከመተው አይለይም።

በመጨረሻ ጥያቄው ወደዚህ መጽሔት አንባቢዎች ይመለሳል። በየዓመቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል እንሄዳለን። ስለ ሐይቁ ውኃ፣ ስለ ዓሣ ምርቱ፣ ስለ መሬት መሸርሸር፣ ስለ ፍልሰት፣ ስለ ቅርስ መጠይቅ እናስሞላለን። ገበሬው ከሥራው ተነሥቶ፣ እናት ቡናዋን አቁማ ይመልሱልናል። ከዚያ በኋላ ጽሑፋችን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መልሱን የሰጠው ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን አያይም። ይህ ዕዳ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ማጽደቂያ አንድ ቅድመ ሁኔታ ቢጨምሩ ዕዳው ሊቃለል ይችላል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተመራማሪ የጥናቱን ፍሬ ነገር በጥቂት ገጽ አማርኛ ጽፎ ለተጠናው ወረዳ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክብና ቢያንስ አንድ ቀን በዚያ ቆሞ እንዲያነበው፣ ጥያቄም እንዲቀበል ነው። መላሾቻችን ውጤቱን ሰምተው «ይህማ እንዲህ አይደለም» ቢሉን የምርምሩ ጥራት ይሻሻላል እንጂ አይጎዳም። ለሐይቅና ለውጫሌ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያውን መርሐ ግብር ማዘጋጀት የሚገባንም እኛው ነን።