ገምጋሚውን ማን መረጠው?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የጻፋችሁትን አነበብኩ። አንድ ጥናት በዘርፉ ምሁራን ተገምግሞ የታተመ በመሆኑ እንደማያጠራጥር ገልጻችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፋችኋል። እኔ ግን እዚያው ላይ ቆምኩ። መገምገሙስ ደግ፤ ገምጋሚዎቹን የመረጣቸው ማን ነው? የራሴን ጽሑፍ ለጆርናል የምልክ፣ የሌላውንም የምገመግም ሰው ስለሆንኩ፣ ብዙው ነገር የሚወሰነው ገና ግምገማው ሳይጀመር እንደሆነ አውቃለሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው። ተመራማሪው ጽሑፉን ሲያስገባ፣ በብዙ ጆርናሎች ቅጽ ላይ ሊገመግሙለት ይችላሉ የሚላቸውን ሰዎች ስምና ኢሜይል እንዲሞላ ይጠየቃል። እንዳይደርሳቸው የሚፈልጋቸውንም መጥቀስ ይችላል። የጆርናሉ አዘጋጅ ከዚያ ዝርዝር ወይም ከራሱ ዕውቀት ተነሥቶ ሁለት ሦስት ሰው ይመርጣል። ሥራው ክፍያ የለውም፤ እንቢ የሚለው ይበዛል። ስለዚህ በሥራ የተወጠረ አዘጋጅ ጸሐፊው ራሱ ያቀረበለትን ስም ቢቀበል አይገርምም። ቀዳዳውን ለማጭበርበር የተጠቀሙበትም አሉ። በ2014 (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሴጅ የተባለው አሳታሚ ከአንድ የምህንድስና ጆርናሉ 60 ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ የሰረዘው፣ በሐሰት ስምና ኢሜይል የተደራጀ የገምጋሚዎች መረብ ስለደረሰበት ነበር።

በአየር ንብረት ሳይንስ የሚያሳስበኝ ግን ማንም ሳይዋሽ የሚደርሰው ጥፋት ነው። በሐምሌ 2011 ሪሞት ሴንሲንግ የተባለው ጆርናል ሁለት አሜሪካውያን፣ ሮይ ስፔንሰርና ዊሊያም ብራስዌል፣ በሳተላይት መረጃ ተመሥርተው የአየር ንብረት ሞዴሎችን የተቹበትን ጽሑፍ አወጣ። አንዳንድ መገናኛ ብዙኃን የሙቀት መጨመር ስጋት ፉርሽ የሆነ ያህል አራገቡት። በመስከረም መጀመሪያ የጆርናሉ ዋና አዘጋጅ፣ የቪየናው ፕሮፌሰር ቮልፍጋንግ ዋግነር፣ ሥራቸውን ለቀቁ። የመልቀቂያ ጽሑፋቸው ለማንኛውም አዘጋጅ ትምህርት ነው። ግምገማው በደንቡ መሠረት ተካሂዷል፤ ሦስቱም ገምጋሚዎች በታወቁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ አንጋፋ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ነገር ግን ሳይታሰብ ሦስቱም የጸሐፊዎቹን ጥርጣሬ የሚጋሩ ሳይሆኑ አልቀሩም አሉ። ስለዚህ ተቃራኒ ወገን ቀደም ሲል ያቀረበው ሳይንሳዊ መከራከሪያ ለምን እንደተዘለለ የጠየቀ አልተገኘም። ዋግነር መልቀቅ አልነበረባቸውም የሚሉ አሉ፤ ጽሑፉም እስካሁን አልተሰረዘም። እኔ ግን ለምርጫው ኃላፊነት የወሰደ አዘጋጅ በማየቴ አከበርኳቸው።

ፓተርን ሪኮግኒሽን ኢን ፊዚክስ የተባለው ጆርናል ታሪክ ደግሞ አጭር ነው። በ2013 ተቋቋመ፤ ፕላኔቶች በፀሐይና በምድር አየር ንብረት ላይ አላቸው ስለሚባለው ተጽዕኖ ልዩ እትም አወጣ፤ በጥር 2014 ኮፐርኒከስ የተባለው የጀርመን አሳታሚ ዘጋው። ከምክንያቶቹ አንዱ አዘጋጆቹ ገምጋሚ የመረጡት በዝምድና ነው የሚል ነበር።

እስካሁን ያልኩትን የሚያነብ ሰው፣ ታዲያ ለተቃዋሚው መስጠት ነዋ ይል ይሆናል። ይኸውላችሁ፣ እሱም ተሞክሯል። በጥር 2009 ኔቸር ላይ ኤሪክ ስታይግና ባልደረቦቹ አንታርክቲካ፣ ምዕራቡም ክፍል ጭምር፣ ከ1957 ወዲህ መሞቁን ጻፉ። ራያን ኦዶኔልና ሦስት ባልደረቦቹ የስሌት ዘዴውን ነቅፈው፣ ሙቀቱ ያመዘነው በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ላይ ነው የሚል ጽሑፍ ለጆርናል ኦቭ ክላይሜት አስገቡ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ስሙ ሳይገለጽ፣ ራሱ ስታይግ ሆነ። ጽሑፉ ከብዙ ምልልስ በኋላ በ2011 ታተመ፤ የገምጋሚው ማንነት ሲታወቅ ግን ጠቡ ከሳይንሱ አልፎ የግል ቂም መሰለ። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የኋላው ውጤት ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው የበርድ ጣቢያ መዝገብ እንደገና ሲጠና፣ ከ1958 እስከ 2010 ሙቀቱ 2.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መጨመሩ ተገኘ። ስለ ምዕራቡ ክፍል ስታይግ ያለው መሠረት ነበረው ማለት ነው። ቢሆንም በራሱ ጉዳይ ስሙን ሸሽጎ መፍረድ ነበረበት አያሰኝም።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ተጣልተው በሽማግሌ ሲዳኙ፣ እያንዳንዱ የሚያምነውን ሽማግሌ ያቀርባል፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰብሳቢ ይሰየማል። ተከራካሪው ቃሉን ይሰጣል እንጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይቀመጥም። ጆርናሎችም እንዲህ ቢያደርጉ ምን ይከፋል? የተተቸው ሳይንቲስት ስሙን ገልጾ መልስ ይጻፍ፤ አዘጋጁም መልሱን እንደ አንድ ወገን ቃል ይመዝነው። ጸሐፊው ካቀረባቸው ሰዎች ከአንድ በላይ አይወሰድ። የቀረውን አዘጋጁ ራሱ ደክሞ ይፈልግ።

ከሚፈለጉትም አንዱ መረጃው የተሰበሰበበትን አገር የሚያውቅ ሰው ይሁን። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ካለፈው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውባቸው ከብታቸውን ለጨረሱት የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን የበዙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው፤ ቆላው ሳስቶበታል። ቺርፕስን የመሰሉ፣ ሳተላይትንና ጣቢያን ያጣመሩ መረጃዎች ክፍተቱን ለመሙላት ይረዳሉ፤ ሆኖም ጣቢያ በሌለበት ቆላ የሚሰጡት ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚጠይቀው በልግንና ክረምትን ለይቶ የሚያውቅ፣ መዝገቡን የገለጠ ሰው ነው።

ዘርፉ ጠባብ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር አብሮ ጽፏል የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ሆኖም ገለልተኛ ገምጋሚ ባይገኝ እንኳ ግምገማውን ለአንባቢ መክፈት ይቻላል። የተመድ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ላወጣው የሳይንስ ሪፖርት ከባለሙያዎችና ከመንግሥታት የመጡ ከ78 ሺህ በላይ አስተያየቶችን ተቀብሎ፣ ከተሰጣቸው መልስ ጋር ይፋ አድርጓል። አትሞስፈሪክ ኬሚስትሪ ኤንድ ፊዚክስም ከ2001 ጀምሮ የገምጋሚዎችን አስተያየትና የጸሐፊዎችን ምላሽ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያትማል። ገምጋሚው ስሙን ባይገልጽ እንኳ ጠንክሮ መጠየቁን ወይም በአራት መስመር ማለፉን አንባቢ ያያል።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ስለ አንድ የአየር ንብረት ጥናት ስትጽፉ፣ የግምገማው ሰነድ ይፋ ይሁን አይሁን አንድ መስመር ጨምሩበት። ይፋ ከሆነም ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር