የሐር ትል ቆዳና የሸማኔ እጅ

ሽሮ ሜዳ በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ ስፍራ ነው። በዚያ የሚሸጠው ነጠላና ቀሚስ በነጭነቱና በጥለቱ የታወቀ ነው። ገዥ ሁሉ ልብሱን ያደንቃል፤ ሸማኔውን የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ይህ ልማድ የቀና አይደለም፤ የቀና አለመሆኑንም ታናሽ ፍጥረት፥ የሐር ትል፥ ታስተምራለች።

የሐር ትል ከእንቁላል ስትወጣ ጥቁር መሳይ ናት። ቅጠል እየበላች ታድጋለች፤ ቆዳዋም ሲጠብባት አራት ጊዜ ትገፍፈዋለች፤ እያደገች ስትሄድ ገላዋ ይነጣል። የሚያያት ሰው በላይዋ ቀለም የተቀባች ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከምግቧ ዩሪክ አሲድ የሚባል ትርፍ ነገር ይገኛል። ብዙዎች ነፍሳት ይህን እንደ ጥራጊ ከሰውነታቸው ያስወጡታል። የሐር ትል ግን ከፊሉን በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ደቃቅ ፍሬ አድርጋ ታከማቻለች። ብርሃን በነዚህ ፍሬዎች ላይ ሲያርፍ ተበትኖ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቆዳዋ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህን ማከማቸት የተሳናት ትል ዘይት እንደ ነካው ወረቀት ሆና ውስጧ ይታያል።

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የበረሓ አንበጣም እንዲሁ ነው። በመንጋ ሲያድግ፥ ክንፍ እንዳወጣ ሮዝ ይመስላል፤ ለመራባት ሲደርስ ግን ቢጫ ይሆናል። ለቢጫነቱ የሚሆነው ቀለም ከበላው ቅጠል የተገኘ ነው።

እንግዲህ በውጭ የሚታይ ውበት በስውር የተሠራ ሥራ ፍሬ ነው። የነጠላም ውበት እንዲሁ ነው። ፈታይዋ ጥጡን ትፈትላለች፤ ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ አግብቶ፥ ክሩን በክር ላይ እየጨመረ፥ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እንዲህ የሚደክመውን ሰው ብዙዎች በሥራው ይሰድቡት ነበር። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን ብቻውን አያቀናም።

አንዳንድ ሰው፥ «ዋጋውን ከፍያለሁ፤ ሌላ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይል ይሆናል። ዋጋ የልብሱ ነው፤ ክብር ግን የሠራተኛው ነው። ልብሱን ለብሶ ሠሪውን የሚንቅ ሰው ያጌጠው በናቀው እጅ ሥራ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ነጭ ነጠላ በለበሳችሁ ጊዜ ሸማኔውን አስቡ፤ በመንገድም ስታገኙት በአክብሮት ሰላምታ ስጡት።