ያለፈው ዓመት በማን አቆጣጠር?

ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች «ከ2 ሰዓት በፊት»፣ «ትናንት»፣ «ያለፈው ዓመት» እያሉ ጊዜን ይነግሩናል። ይህን በአማርኛ ማስጻፍ ዛሬ ከባድ አይደለም። ዩኒኮድ ሲኤልዲአር በተባለው የቋንቋዎች መረጃ ቋቱ ለአማርኛ «ከትናንት ወዲያ»ንም «ከነገ ወዲያ»ንም አስቀምጧል። የጃቫስክሪፕቱ «ኢንትል ሪላቲቭ ታይም ፎርማት» በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ክሮም ላይ ከገባ ወዲህ ደግሞ ፕሮግራመሩ ሐረጉን በአንድ መስመር ኮድ ያገኘዋል።

ሐረጉ ትክክል ሆኖ ነገሩ ስሕተት ሊሆን ግን ይችላል። መሣሪያው ራሱ አያሰላም፤ ቁጥርና መለኪያ ተቀብሎ ቃሉን ብቻ ይመልሳል። ስሌቱ የፈረንጅ ዘመን ከሆነ አማርኛው ልብስ ብቻ ነው። መስተካከል ያለበት ከትርጉሙ በፊት ስሌቱ ነው።

ነፋስ መውጫ ላይ አንድ የላይ ጋይንት ገበሬ የማዳበሪያ ሒሳቡን በስልኩ ይከታተላል እንበል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የከፈለውን ጥር 3 ቀን ያየዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር የመጀመሪያው ዲሴምበር 29 ቀን 2024፣ ሁለተኛው ጃንዋሪ 11 ቀን 2025 ነው። መዝገቡን በዓመት የሚመድብ ፕሮግራም 2024ን ከ2025 ቀንሶ ክፍያውን «ያለፈው ዓመት» ሥር ይከተዋል። ለገበሬው ግን የዘንድሮ ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2016 የከፈለውን መስከረም 10 ቀን 2017 ቢያይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ እሱ አምና ያለውን ፕሮግራሙ «በዚህ ዓመት» ይለዋል። ዕዳና ክፍያ ባለበት መዝገብ ይህ ሰውን ከሰው ያጣላል።

ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መዞር ብቻውንም አይበቃም። «ቴምፖራል» የተባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የጊዜ መሣሪያ የእኛን ዘመን ያውቃል፤ ጳጉሜንንም እንደ 13ኛ ወር ይቆጥራል። ስለዚህ ከመስከረም 10 ቀን 2017 አንድ ወር ሲቀነስ ጳጉሜን 10 ስለሌለ ጳጉሜን 5 ላይ ይቆማል። የወር ደመወዝተኛ በመስከረም «ባለፈው ወር» ሲል የሚያስበው ነሐሴን ነው። ይህን የሚወስነው ኮዱን የሚጽፈው ሰው እንጂ መሣሪያው አይደለም።

ሳምንትም እንዲሁ። የታች ጋይንቷ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀን ነው። በስማዳም በእስቴም ቀጠሮ የሚያዘው በገበያ ቀን ነው፤ «ያለፈው ዓርብ ሰጥቼሃለሁ» ይባላል። ሲኤልዲአር ይህን አነጋገር ይዞታል፤ የጃቫስክሪፕቱ መሣሪያ ግን የሚቀበለው ሰከንድን፣ ደቂቃን፣ ሰዓትን፣ ቀንን፣ ሳምንትን፣ ወርን፣ ሩብ ዓመትንና ዓመትን ብቻ ነው። የሳምንቱን ቀን በስሙ መጥራት ለፕሮግራመሩ የቀረ ሥራ ነው።

ቀኑ ራሱስ? ፕሮግራሙ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ «ትናንት» ማለት ይጀምራል፤ የእኛ የሰዓት ቆጠራ ግን የሚነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የመጣን መልእክት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለሚያነብ ሰው «ትናንት» ከማለት «ከ4 ሰዓት በፊት» ማለት ይሻላል።

ለወረዳ፣ ለባንክ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር መተግበሪያ የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ዓመቱን በመስከረም 1 ቁረጡ፣ ጳጉሜንን በግልጽ ወስኑ፣ የገበያን ቀን በስሙ ጥሩ። ሥራችሁን ከማውጣታችሁ በፊትም በታኅሣሥ ማብቂያ፣ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ቀናት ፈትኑት።