በጎጃምና በአዲስ አበባ መካከል ታሪፍ የለም

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ አፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ሲወራ ተቀምጬ ሰማሁ። ገለጻ ያቀረቡት ባለሙያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋገሙ፦ «ታሪፉ ሲነሳ የ1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ገበያ ይከፈትልናል።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ተናድጄ ወጣሁ፤ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ሕዝብ ስለተቆጠረ ብቻ ገበያ አይሆንም፤ ዕቃው ደጁ መድረስ አለበት። እንዳይደርስ ያደረገው ታሪፍ ብቻ ነው ብሎ ለነጋዴ መንገር ነጋዴውን ማታለል ነው።

ከሐዋሳ ሞያሌ ድረስ ቦሎቄ በጫነ ኤፍኤስአር ወርጄ አውቃለሁ። ገመድ በተዘረጋ ቁጥር ሾፌሩ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ጥቅሉን ይዞ ይወርዳል። ረዳቱ ደግሞ ሸራውን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። አንዱ ኬላ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ሌላው ብሩን ተቀብሎ ዝም ይላል። ሞያሌ ስንደርስ አንድ ማኅተም ጎድሏል ተባለና ጭነቱ ሁለት ሌሊት እዚያው አደረ። በሦስተኛው ቀን ጫኝና አውራጆች ኩንታሉን እየተሸከሙ ወደ ኬንያ መኪና አዛወሩት፤ የእኛው መኪና አልተሻገረም። የላኪው ትርፍ መንገድ ላይ አልቋል። ለዚህ ሰው የታሪፍ መነሳት ምኑ ነው?

ፊርማማ መቼ ቸገረን? የአህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናውን ስምምነት መጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ ፈረምን፤ በዓመቱ ምክር ቤቱ አጸደቀው። የሞያሌው የጋራ የድንበር አገልግሎት መስጫም ኅዳር 2013 በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል። ፊርማ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከዚያ በፊትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል ሆነን ሳለ፣ ዘጠኝ አባል አገሮች በ1993 ነፃ የንግድ ቀጣናውን ሲጀምሩ እኛ ዳር ቆመን አይተናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የቤታችን ነገር ነው። ከዚያ ቢሊዮን ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆንነው እኛው ነን። እኛስ እርስ በርሳችን በነፃ እንነግዳለን? በ2015 አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ነጋዴው ሁሉ የሚያማርረው ኬላን ነበር። በጎጃምና በአዲስ አበባ መካከል ታሪፍ የለም። የጉምሩክ ድንበር የለም። ጤፉ ግን መንገድ ላይ ቆመ፤ እናቶችም ግማሽ ኪሎ እየገዙ ከረሙ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኸው ነው።

ነፃ ንግድን አልጠላም፤ እንዲያውም እፈልገዋለሁ። ስለዚህ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኃላፊዎችን እለምናለሁ፦ የሚቀጥለውን ስብሰባ ከሆቴል አውጡት። ከሐዋሳ ሞያሌ በጭነት መኪና ሂዱ። የተዘረጋውን ገመድ ቁጠሩ። ደረሰኝ የማይቆርጠውን ኬላ በዚያው ቀን አንሱ። ለዚህ የማንም አገር ፊርማ አያስፈልግም።